ሰባት ተጠቃሚ ያለው ስቱዲዮ

ከሴሮ ኮረብታ እስከ ካራስኮ ጫፍ ሞንቴቪዴዎን በእግራችሁ አስሱ፤ እንደ እኔ ፎንት ያከማቸ ሰው ካገኛችሁ ጢሜን ልላጭ። አርባ ሺህ ፎንት አለኝ፤ አርባ ሺህ የፊደል ቅርጽ። ወፍራሙ፣ ቀጭኑ፣ ዘመም ያለው፣ ለወይን ጠርሙስ የሚሆነው፣ ለሐዘን ካርድ የሚሆነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ ለአንድ የጥርስ ሐኪም ሰሌዳ ተጠቅሜበት ሐኪሙ በዓመቱ ሁለተኛ ክሊኒክ የከፈተበት ሳይቀር። ሃያ ስድስት ዓመት የመጽሐፍና የማሸጊያ ዲዛይን ሠርቻለሁ። በዚህ አገር ያለ ሕፃን ሁሉ ማንበብ የተማረው እኔ በመረጥኩለት ፊደል ነው ብል፣ ቢበዛ ግማሹን ነው ያጋነንኩት።

እነዚያ አርባ ሺህ ፎንቶች በሦስት አሮጌ ሃርድ ዲስክ፣ በአንድ ካርቶን ሲዲና በእኔ ጭንቅላት ውስጥ ተበትነው ይኖሩ ነበር። ሱሊ ኢቼጎዬን ባትደውል ኖሮ እስከ ዕለተ ሞቴ እንደዚያው ይኖሩ ነበር።

ሱሊ የትምህርት መጻሕፍት የሚያሳትም ድርጅት የምርት ኃላፊ ናት። አሥራ አምስት ዓመት ሥራ ሰጥታኛለች። ሌሎቹ ደንበኞቼ ከሞቱት ጋር ሞተው፣ ከከሰሩት ጋር ከስረው፣ የቀሩት ደግሞ የወንድማቸው ልጅ ኮምፒውተር ገዝቶ ሥራዬን ወስዶት፣ በእጄ የቀረችው እሷ ብቻ ናት። ሰኞ ጠዋት ደወለች። ሰላምታ የሚባል ነገር አታውቅም።

«ስማኝ ጓልቤርቶ። ባለፈው ዓመት አንዱ ስቱዲዮ ፈቃዱን ያልገዛውን ፎንት መጽሐፋችን ላይ አስገብቶ የጠበቃ ደብዳቤ አምጥቶብናል። ከእንግዲህ ፎንቱን በሥርዓት ለማይዝ ሰው ሥራ የለኝም። የትኛው ከየት መጣ፣ ማን ለሥራ ከፈተው፣ ማን ዘጋው፣ በሶፍትዌር ላየው እፈልጋለሁ።»

«የእኔ ሁሉም በጭንቅላቴ ነው ያለው።»

«ጭንቅላትህን ለጠበቃው አያይዤ ልላክለት?»

«በኢሜይል አይሄድም፤ ይከብዳል።»

አልሳቀችም። «የሳይንሱን ተከታታይ ትፈልገዋለህ አትፈልገውም?»

የሳይንሱ ተከታታይ ማለት ስድስት ጥራዝ ነው፤ ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል፤ የሁለት ዓመት ሥራ። ያንን ካገኘሁ ስቱዲዮው ይቆማል። ካጣሁት፣ ከዚህ ወር በኋላ በሩ ላይ የምለጥፈው የመጨረሻ ዲዛይን «ይከራያል» የሚል ነው።

«እንዴት አልፈልግም!» አልኩ።

«እንግዲያው ደንቡን እወቅ። ተከታታይ የሚሰጠው ቢያንስ አምስት ዲዛይነር ላለው ስቱዲዮ ነው። አሁን ስንት ናችሁ?»

ቁጥር ስጠየቅ አፌ ሳያማክረኝ ነው የሚያባዛው። «ሰባት» አልኩ።

«ጥሩ። በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ከጠዋቱ አምስት ሰዓት እመጣለሁ» ብላ ዘጋች።

ሰባት ያልኩት ከባዶ ሜዳ አይደለም። ሰባት ነበርን። ሰባት ጠረጴዛ አለ፤ ሰባት ወንበር አለ፤ በሰባተኛው ላይ ብቻ ሰው አለ። ሁለቱ ፔሬይራዎች ሥራ ቀየሩ። ሺርሌይ ወለደች፤ አልተመለሰችም። ሚልተን አንድ ቀን ምሳ ልብላ ብሎ ወጣ፤ ይኸው ሦስተኛ ዓመቱ፣ ምግቡ በጣም ጣፍጦት መሆን አለበት። ኤቤር ተጣልቶኝ ሄደ። ኒቢያ ሶሪያ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሥራ ሸሪኬ የነበረችው፣ እህቷ የብርቱካን እርሻ ወዳላት ወደ ሳልቶ ገባች። ኒቢያ ትወደኝ ነበር ማለት እችላለሁ፤ እሷ ስለማታረጋግጥልኝ ግን ልተወው።

እንግዲህ ፎንት የሚያደራጅ ፕሮግራም ለመምረጥ ዐሥር ቀን ነበረኝ። ማክሰኞ ዕለት ሦስት ፕሮግራም አወረድኩ። ሦስቱም ለሁለት ሳምንት በነፃ ይሞከራሉ።

የመጀመሪያው ትንሽ ናት፤ ለአንድ ሰው የተሠራች፤ አንዴ ከፍለህ የራስህ የምታደርጋት። ስትከፈት «ፎንቶችህ የት ናቸው?» ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። ሦስቱን ዲስኮች አሳየኋት። ሩብ ሰዓት አጉረመረመችና ቁጥሩን አወጣች፦ አሥራ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ስድስት። ከዚያ ውስጥ አራት ሺህ ያህሉ የሌላው ቅጂ ነው ብላ ጨመረችበት። ይህች መቁጠር የማትችል ነገር ናት ብዬ ዘጋኋት።

ሁለተኛው እንደ ትልቅ ሆቴል አሳላፊ ነው። አንድ ሰነድ ስትከፍት የሚያስፈልገውን ፎንት ሳትጠይቀው ራሱ ያቀርብልሃል። ልፈትነው ብዬ የድሮውን የሦስተኛ ክፍል የሒሳብ መጽሐፍ ከፈትኩ። የዚያ መጽሐፍ ፎንት አንድ ጉድ አለው። ከፋብሪካው ሲመጣ አንዱ ቁጥር ሰፊ፣ ሌላው ጠባብ ስለነበር፣ የመደመር ዓምዶች ሲደረደሩ ይንጋደዱ ነበር። ኒቢያ ሦስት ሳምንት ቁጭ ብላ ዐሥሩንም ቁጥር እኩል ስፋት ሰጥታ ሠራቻቸው፤ ስሙን ግን አልቀየረችውም። እናም ዲስኩ ላይ ስማቸው አንድ የሆነ ሁለት ፎንት አለ። አሳላፊው የትኛውን ቢያነሣ ጥሩ ነው? የፋብሪካውን! ገጽ አርባ ላይ አንዶቹ ወደ ዐሥሮቹ ሥር ተንሸራተው፣ ዓምዱ ሁሉ በሰካራም የተሠራ ደረጃ መሰለ።

«ኒቢያ፣ ነይ እዪ ጉድሽን!» አልኩ ጮክ ብዬ።

መስኮቱን ከወንዙ የሚመጣው ንፋስ አንቀጫቀጨው። ስልኬን አነሣሁ፤ ስሟ ላይ ደረስኩ፤ መልሼ አስቀመጥኩት። ሥራ ይበዛብኛልና።

ሦስተኛው ለቡድን የተሠራ ነው። ፎንቶቹ በአንድ ሰርቨር ላይ ይቀመጣሉ፤ ሁሉም ሰው ከዚያ ይወስዳል። ስማቸው አንድ የሆኑትን ሁለቱንም ጎን ለጎን ይይዛል። ማን አስገባ፣ ማን ከፈተ፣ ማን ዘጋ፣ በሰዓትና በደቂቃ ይመዘግባል። እውነቱን እናውጣ ከተባለ፣ ትንሿም ሁለቱን ቅጂ መያዝ ትችል ነበር፤ የእያንዳንዱን ፈቃድ የምትጽፍበት ቦታም ነበራት። ለእኔ የሚያስፈልገኝ ሁሉ እሷ ጋ ነበር። ሦስተኛው ግን «አባላት» የሚል ገጽ አለው። ያ ገጽ ነጭና ረጅም ነው፤ ከላይ የእኔ ስም ብቻ ተቀምጧል። እንደዚያ ያለ ባዶ ገጽ ደግሞ ዲዛይነር ዝም ብሎ አያየውም።

ወደ ደንበኞች አገልግሎት ደወልኩ። ከቦጎታ ዬኒ የምትባል ድምፀ ለስላሳ ልጅ አነሣች።

«ስንት ተጠቃሚ ላድርግልዎ ዶን ጓልቤርቶ?»

«ሰባት።»

«እንዴት ደስ ይላል! ኢሜይላቸውን ቢልኩልኝ ግብዣውን እኔው እልክላቸዋለሁ።»

«የለም፣ የለም። እነሱ ሥራ የሚበዛባቸው ሰዎች ናቸው። እኔ በእጄ ነው የምሰጣቸው።»

«እሺ። ሥልጠናስ? ለሰባታችሁም በአንድ ላይ በቪዲዮ እናደርገዋለን፤ ነፃ ነው።»

«ልጄ፣ እኔ ከሠለጠንኩ ሁሉም ሠለጠኑ ማለት ነው።»

«እንዴት ያለ የተባበረ ቡድን ነው ያለዎት!»

«ጠብ የሚባል ነገር በመካከላችን የለም» አልኳት። በዚያን ሰሞን ከተናገርኩት ሁሉ ንጹሑ እውነት ያ ነበር።

በስቱዲዮው ስም ስድስት የኢሜይል አድራሻ ከፈትኩ። ኒቢያ። ኤቤር። ሚልተን። ሺርሌይ። ፔሬይራ አንድ፣ ፔሬይራ ሁለት። ለእያንዳንዳቸው ፎቶ የምትገባበት ክብ ነበረች፤ በአንድ የጥብስ ግብዣ ላይ ከተነሣነው ፎቶ ፊታቸውን ቆርጬ አስገባሁ። የሚልተን አፍ ሥጋ ጎርሷል፤ ምንም ማድረግ አልቻልኩም።

ሱሊ መዝገቡን ታየዋለች፤ መዝገቡ ደግሞ ሕይወት ሊኖረው ይገባል። ስለዚህ ከረቡዕ ጀምሮ በየጠዋቱ ሠራተኞቼን ማስገባት ጀመርኩ። መጀመሪያ በሺርሌይ ስም እገባለሁ፤ እሷ ሁልጊዜ ቀድማ ነው የምትመጣው። አራት አምስት ፎንት እከፍትላታለሁ። ከዚያ ፔሬይራዎቹ። ሦስት ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ ኤቤር፤ ኤቤር ከዚያ በፊት ዓይኑ አይገለጥም። በኤቤር ስም ሆዳቸው የተነፋ፣ ከሩቅ የሚጮኹ ፊደላት እከፍታለሁ። በኒቢያ ስም ገብቼ እነዚያኑ እዘጋቸዋለሁ። ተመልሼ በኤቤር ስም እከፍታቸዋለሁ። አንድ ጠዋት በዚህ ብቻ አንድ ሰዓት ተኩል ተሟገቱ፤ እኔ መሃል ገብቼ ባላስታርቅ ኖሮ እስከ ምሳ ይሄዱ ነበር።

ቁርስም አለ። ድሮ ለሰባታችን ግማሽ ኪሎ ጣፋጭ ዳቦ ከማዕዘኑ መጋገሪያ እገዛ ነበር። እስከ ዛሬም ግማሽ ኪሎ ነው የምገዛው። ሻጯ ሚዛኑ ላይ እያደረገች «ጓዶችዎ እንዴት ናቸው?» ትለኛለች፤ «ይበላሉ፣ ምን ይሆናሉ!» እላታለሁ። ሰኞ የገዛሁት እስከ ረቡዕ ይበቃኛል። ረቡዕ ላይ ትንሽ ይደርቃል፤ በማቴ፣ ከአንድ ቅል እየተቀባበልን በምንጠጣው የቅጠል ሻይ፣ እየነከሩ ሲበሉት ግን በንጉሥ ማዕድ የሚቀርብ ነው።

አርብ ከሰዓት በኋላ አንድ ነገር ሆነ። በኒቢያ ስም ሆኜ ቀጫጭኖቹን፣ የድሮዎቹን፣ እሷ የምትወዳቸውን ሁለት መቶ ያህል ፎንቶች በአንድ ስብስብ ሰበሰብኩ። ከዚያ ተነሥቼ ለማቴው ውሃ ላሞቅ ሄድኩ። ስመለስ ስልኬ ብርት አለ፦ «ኒቢያ ሶሪያ አዲስ ስብስብ አጋራችህ።»

ምን አስታወሳት? አሁን ምን ትዝ ብሏት ነው? የሸሚዜን ኮሌታ አስተካከልኩ፤ በእውነት አስተካከልኩ፤ የጠረጴዛውን ፍርፋሪ በእጄ ጠረግሁ። ከዚያ መልእክቱ የተላከበትን ሰዓት አየሁ። ውሃውን ልጥድ ስሄድ የነበረው ሰዓት ነው። ላኪው እኔው ነበርኩ።

ይህን ያህል የሚደነግጥ ሰው አይደለሁም። አንዴ በሊፍት ውስጥ ከአንድ ሚኒስትር ጋር አምስት ሰዓት ተዘግቶብኝ ሚኒስትሩን ያረጋጋሁት እኔ ነኝ። የዚያን ቀን ግን ማቴው በእጄ ላይ ቀዘቀዘ፤ ከአርብ እስከ ሰኞም ማንንም አላስገባሁም።

ሐሙስ ደረሰ። ጠረጴዛዎቹን ወለወልኩ፤ ስድስት ኮምፒውተር አበራሁ፤ ሁለቱ እምቢ አሉ። ክፍሉ ሰው የሚውልበት እንዲመስል በየጠረጴዛው ላይ አንድ አንድ የማቴ ቅል ከነመምጠጫው አስቀመጥኩ። ስድስት ቅል ለማግኘት ከጎረቤቴ ከጫማ ሠሪው ሁለት ተበደርኩ። ሥራዬን ቆሜ ሳየው ኮራሁ።

ሱሊ በአምስት ሰዓት ከአምስት ደቂቃ ገባች፤ ንፋሱ ፀጉሯን ወደ አንድ ጎን አጋድሞታል።

«የት አሉ?» አለች።

«ንፋሱን አላየሽውም? ዛሬ ከቤት ነው የሚሠሩት። ሠራተኛን መንከባከብ ያስፈልጋል።»

ወደ ጠረጴዛዎቹ ሄደች። አንዱን ቅል አነሣች፤ ውስጡን አየች፤ ሁለተኛውን አነሣች።

«ጓልቤርቶ፣ ይሄ ሁሉ ቅል ምንድን ነው?»

«የየራሳቸው ነው።»

«አንድ ክፍል ውስጥ የሚሠሩ ሰባት ሰዎች ለየብቻ ማቴ ይጠጣሉ? ተጣልተዋል?»

«ከወረርሽኙ ወዲህ ነው። ጥንቃቄ ነው።»

«እኛ ቢሮ ይሄ ከቀረ ሁለት ዓመት አለፈው» አለችና ቅሉን መለሰችው። «ደግሞ ደረቅ ነው።»

ግን እኔ በዚህ የምበረግግ መሰልኳችሁ? ወንበር ስቤ ከጎኔ አስቀመጥኳት፤ የራሴን ማቴ ቀድቼ ሰጠኋት፤ ፕሮግራሙን ከፈትኩ። ፎንቶቹ በየስማቸው፣ በየፈቃዳቸው፣ በየደረሰኛቸው ተደርድረው ሲወጡ ቅንድቧ ከፍ አለ። መጥጣ ስትጨርስ ቅሉን ምንም ሳትል መለሰችልኝ። በእኛ ዘንድ ቅሉን ሲመልስ «አመሰግናለሁ» ያለ ሰው በቃኝ ማለቱ ነው፤ ዝም ካለ ይደገምለታል። እኔ ያቺን ቃል እንዳትላት እየጸለይኩ እቀዳለሁ፤ እሷ ዝም ብላ ትጠጣለች።

«ይሄ ጥሩ ነው» አለች። «በእውነት ጥሩ ነው። የተጠቃሚዎቹን መዝገብ አሳየኝ።»

አሳየኋት። ስድስቱም ፊት በየክቡ ውስጥ ተሰለፉ። ሱሊ ጣቷን አንዱ ላይ አሳረፈች።

«ኤቤር ካሳሬስ።»

«ቀኝ እጄ ነው! ያለ እሱ አንድ ገጽ አይወጣም።»

«ዛሬም ገብቷል?»

«ይኸው፤ ሦስት ሰዓት ከአርባ ላይ ሃያ ሁለት ፎንት ከፍቷል። ልጁ እሳት ነው።»

ሱሊ ዞር ብላ አየችኝ። «ይገርማል። ሦስት ሰዓት ከአርባ ላይ እኔ ፊት ለፊት ተቀምጦ ቁርሴን ሲበላብኝ ነበር። ኤቤር እኛ ጋ ከገባ ሦስት ወሩ ነው።»

እንደዚህ ያለ ጊዜ ላይ ሌላ ሰው ቢሆን ይወድቃል። እኔ ግን «ታዲያ ሁለት ቦታ ነው የሚሠራው?» አልኩ። «ሰውየው ሊገለኝ ነው፤ አልነገረኝም እኮ!»

ስልኳን አውጥታ ደወለች፤ ድምፁን ክፍሉ እንዲሰማው አደረገችው።

«ኤቤር፣ ጓልቤርቶ ጋ ነኝ። እዚህ ኮምፒውተሩ ላይ ዛሬ ጠዋት ሃያ ሁለት ፎንት ከፍተሃል ይላል።»

የማውቀው፣ ሁለት ዓመት ያልሰማሁት ድምፅ፣ «የትኞቹን?» አለ።

«ያ ጅራቱ የሚጠቀለለው አለ። ያ ሆዳሙ አለ...»

«ጅራቱ የሚጠቀለለውን? እኔ? ሰውዬው ስሜን ሊያጠፋ ነው እንዴ!»

ዝም ማለት አቃተኝ። «ለቢራ ጠማቂዎቹ ማን ነበር ያንን የከፈተው ታዲያ?»

«አንተ ነህ የከፈትከው! እኔ ነኝ የዘጋሁት!»

«አንተ የዘጋኸው ዓይን ስለሌለህ ነው!»

«አንተ ዓይን ነበረህና ቢራውን የሕፃን ሻምፑ አስመሰልከው! ሰዉ ፀጉሩን ሊታጠብበት ነበር እኮ!»

«ሁለት ሚሊዮን ጠርሙስ ነው የተሸጠው!»

«ሁለት ሺህ ነው ጓልቤ! ሁለት ሺህ! ግማሹን ያንተ አጎት ነው የገዛው!»

ሱሊ ቅሉን ይዛ አንዴ እኔን አንዴ ስልኩን ታያለች። እንደ ድሮው ተንጫጫን፤ ሦስት ደቂቃም አይሞላ፤ ለእኔ ግን ሙሉ ከሰዓት በኋላ መሰለኝ። ከዚያ ኤቤር ሳቁን ጨረሰና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ጓልቤ፣ ኒቢያንም አስገብተሃታል?»

«አስገብቻታለሁ።»

«ሌሎቹንም?»

«ሁሉንም።»

«አሁን የምር ንገረኝ። ስንት ናችሁ?»

አፌን ከፈትኩ። አራት የሚል ቁጥር ምላሴ ላይ መጥቶ ቆመ፤ ሦስትም መጣ። ሱሊ ፊት ለፊቴ ናት፤ የሚልተን የጎረሰ አፍ ከስክሪኑ ላይ ያየኛል።

«አንድ» አልኩ።

ያቺን ቁጥር ከአፌ አውጥቼ አላውቅም ነበር። አጭር ናት።

«አንድ ቀን ብቅ እላለሁ» አለ ኤቤር። የትኛው ቀን እንደሆነ አልተናገረም፤ እኔም አልጠየቅኩትም። «እሺ ጓልቤ። ቻው።»

ሱሊ ስልኳን ከተተች። ይጮኽብኛል ብዬ የጠበቅሁት አፍ አልጮኸም።

«ስማ» አለች። «ተከታታዩን ልሰጥህ አልችልም። ደንቡ የእኔ አይደለም፤ የእኔ ቢሆንም አልሰጥህም። ስድስት ጥራዝ ለአንድ ሰው ሰጥቼ በሦስተኛው ላይ ልትሞትብኝ?»

«እኔ አልሞትም፤ ሐኪሜ ሳይቀር...»

«ዝም በል ጓልቤርቶ።»

ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብላ ዝርዝሩን ወደ ታች ወሰደችው፤ ዓይኗን ጨፍና በጣቷ አንዱ ላይ ቆመች። «ይሄ ከየት መጣ?»

«ሮሳሪዮ ከተማ ካሉ ሁለት እህትማማቾች የገዛሁት ነው። ደረሰኙ ቢጫ ሳጥን ውስጥ አለ። ለመጽሐፍ ይሆናል፤ ለማሸጊያ ፈቃድ የለውም።»

ሌላ ነካች። ነገርኳት። ሌላ ነካች። እንደዚያ ሃያ ያህል ጠየቀችኝ። በአንዱም አላጋነንኩም፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ስለ ፊደል ሲሆን ያለው ይበቃኛል መሰል።

«የመምህሩ መምሪያ የሚባል አንድ ጥራዝ አለኝ» አለች በመጨረሻ። «ዘጠና ስድስት ገጽ ነው። ሥዕል የለውም፤ ክብር የለውም፤ ከመምህራን በቀር ማንም አያየውም። የአንድ ሰው ሥራ ነው። ትወስደዋለህ?»

«መምሪያ!» አልኩ። «እኔ ለመምሪያ...»

«ትወስደዋለህ ወይስ አትወስደውም?»

«እወስደዋለሁ።»

«ግን ይሄንን ፕሮግራም አጥፋው። የሌሉ ሰዎች መዝገብ ቢሮዬ እንዲገባ አልፈልግም። ለአንድ ሰው የሚሆን የለም እንዴ?»

«አለ። ከመጀመሪያውም ነበረ።»

«እንግዲያው እሱን ያዝ። ዝርዝሩን ሰኞ ላክልኝ።» ማቴዋን እስከ መጨረሻው ጠጣች፤ ቅሉን በሁለት እጇ መለሰችልኝ። «አመሰግናለሁ» አለችና ኮቷን ይዛ ወጣች። በደረጃው ላይ የጫማዋን ድምፅ እስከ መንገዱ ድረስ ሰማሁት።

ለጫማ ሠሪው ቅሎቹን መለስኩ። አርብ ጠዋት አባላቱን ማስወጣት ጀመርኩ። ቀላል ሥራ መስሎኝ ነበር። ሺርሌይን ልሰርዝ ስል ፕሮግራሙ ጠየቀኝ፦ «ይህ ሰው የያዛቸው ፎንቶች ለማን ይተላለፉ?» ከሥሩ የስም ዝርዝር ይወርዳል። ለኤቤር አልኩ፤ የሚያስቅ መስሎኝ። ኤቤርን ስሰርዝ ለሚልተን፣ ሚልተንን ስሰርዝ ለፔሬይራዎቹ አስተላለፍኩ። አንዱ ለሌላው እያወረሰ ሄደ፤ ዝርዝሩ እያጠረ መጣ። ኒቢያን መጨረሻ ላይ ተውኳት። እሷ ላይ ስደርስ ያው ጥያቄ መጣ፤ ዝርዝሩን ስከፍተው አንድ ስም ብቻ ነበረ። እሱን ነካሁ። «ኒቢያ ሶሪያ ከቡድኑ ወጥታለች» የሚል ለአፍታ ብልጭ ብሎ ጠፋ። የእሷ ክብ በነበረበት ቦታ ፕሮግራሙ አዲስ ባልደረባ እንድጋብዝ ጠየቀኝ።

ዘጋሁት። ትንሿን ገዛኋት። «ፎንቶችህ የት ናቸው?» አለችኝ እንደገና፤ እንደገና አሳየኋት፤ እንደገና አሥራ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ስድስት አለችኝ። አልተከራከርኳትም።

ቅዳሜና እሑድ እያንዳንዱ ፎንት ከየት እንደመጣ ትንሿ ላይ እንደገና ጻፍኩ፤ ሰኞ ለሱሊ ላክሁላት። ማክሰኞ የመምሪያው ጽሑፍ መጣ። ለገጹ አካል ጠንከር ያለ፣ ዓይን የማያደክም ፊደል መረጥኩ፤ መምህራን በአውቶቡስ ውስጥ ነው የሚያነቡት። አማራጮቹን ጎን ለጎን አድርጌ «የቱ ይሻላል?» አልኩ ጮክ ብዬ። ጥቂት ጠበቅሁ። የግራውን ያዝኩ።

ከሁሉ በፊት የምሠራው ሁልጊዜ ሁለተኛውን ገጽ ነው፤ የአሳታሚው፣ የአርታኢው፣ የዲዛይነሩ ስም ያለበትን። ከድሮው መጽሐፍ ገልብጬ አመጣሁት። «ዲዛይን፦ ጓልቤርቶ ሶካ እና ባልደረቦቹ» ይላል። ሃያ ዓመት እንደዚያ ነው የሚለው። ጠቋሚውን ከስሜ ቀጥሎ አስቀምጬ የቀረውን አጠፋሁ። መስመሩ አጠረና ከላይና ከታች ካሉት ጋር አልገጥም አለ። ወደ መሃል ገፋሁት፤ ትንሽ አለፈ፤ ትንሽ መለስኩት።